የታጠፈው ጋቢ

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ አዳራሽ በር አጠገብ በተዘረጋች ትንሽ ጠረጴዛ ፊት ወረፋ ይዤ ቆሜ፣ ከ35 ዓመት በላይ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን አንድ ጥያቄ እንዴት አድርጌ እንደማነሣው በልቤ እየደጋገምኩ አሰላስል ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ሰው በልጅነቴ ከሁሉ አብልጬ እወዳቸው የነበሩ ተዋናይ ናቸው። ግለ ታሪካቸውን ጽፈው፣ መጽሐፉ የሚመረቅበት ዕለት ነበር። ስማቸውን እዚህ አልጠራም። ስለ እጃቸው መንቀጥቀጥና ስለ ትዝታቸው መሳሳት ማውራቴ አይቀርም፤ እሳቸው ራሳቸው በአደባባይ ያልተናገሩትን ሕመም እኔ ከስማቸው ጋር አያይዤ ማውጣቴ ደግ መስሎ አልታየኝም።

የመጽሐፍ ምረቃ በአዲስ አበባ የራሱ የታወቀ ሥርዓት አለው። የመድረክ መሪው እንግዶቹን ይቀበላል፤ ዋሽንት ይነፋል ወይም መሰንቆ ይመታል፤ ምሁራን ተራ በተራ ዳሰሳ ያቀርባሉ፤ ገጣሚ ይነሣል፤ የደራሲው ወዳጆች ትዝታቸውን ያወጋሉ፤ በመጨረሻም ደራሲው ከመጽሐፉ ቅንጭብ አንብቦ ምስጋናውን ካቀረበ በኋላ ሕዝቡ መጽሐፉን ገዝቶ ለማስፈረም ይሰለፋል። የዚያን ዕለት ዳሰሳዎቹ ረዘም ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ ልብ ብዬ የተከታተልኩት ያችን አጭር የቅንጭብ ንባብ ነው። እኚህ ሰው የነገሥታትን፣ የሽፍቶችን፣ የመነኮሳትንና የባላገሮችን ቃል አጥንተው አዳራሽ በሞላ ሕዝብ ፊት ሲናገሩ የኖሩ ናቸው። የራሳቸውን ቃል ከራሳቸው መጽሐፍ ሲያነቡ ግን ድምፃቸው አነሰ፤ ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ስለ እናታቸው የጻፏት አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። ገጸ ባሕርይ ለተዋናይ መሸሸጊያም ጭምር እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሌላ ሰው ካባ ሳይደርቡ በሕዝብ ፊት መቆም በእርጅናቸው ዘመን የመጣባቸው አዲስ ሥራ ነበር፤ ያንንም በድፍረት ሲሠሩት በማየቴ ከድሮው ይልቅ ወደድኳቸው።

ከእሳቸው ጋር ያስተዋወቀኝ አባቴ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ለገሃር ጣቢያ ውስጥ የጭነት ሰነድ ሲመዘግብ ጉልምስናውን ጨረሰ። ደመወዝ በተቀበለ ሰሞን እሑድ ከሰዓት በኋላ እጄን ይዞ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተነሥተን በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ እስከቆመው ትልቁ የድንጋይ አንበሳ ድረስ በእግራችን እንሄዳለን። የመጀመሪያው አንበሳ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተዘርፎ ሮም ከከረመ በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰ መሆኑን፣ ቴአትር ቤቱ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተሰይሞ መመረቁን፣ ከአብዮቱ በኋላ ግን ብሔራዊ መባሉን፣ በሄድን ቁጥር እንደ አዲስ ይነግረኛል። እኔም እንደ አዲስ እሰማዋለሁ። ለእኔ ቴአትር ማለት በሁለት አንበሶች መካከል ያለች አጭር መንገድና በመንገዱ መጨረሻ ላይ የምትከፈት ቀይ መጋረጃ ነበረች።

በ1979 ዓ.ም. 11 ዓመቴ ነበር። ያን ሰሞን ያየነው ተውኔት ስለ ጣሊያን ወረራ የሚናገር ሲሆን፣ እሳቸው አንድ ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የላከ ባላገር ሆነው ይተውኑ ነበር። በሦስተኛው ገቢር መልእክተኛ መጥቶ ልጁ ማይጨው ላይ መውደቁን ይነግረዋል። አባትየው በዚህ ጊዜ ስለ አገርና ስለ ደም ረዥም ቃል መናገር እንደነበረበት ኋላ ነው ያወቅሁት። እኛ ፎቁ ላይ ተቀምጠን ያየነው ግን ሌላ ነው። ሰውዬው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ጫፍና ጫፉን ገጥመው አንድ ጊዜ አጠፉት፤ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው እጥፋቱን አስተካከሉ፤ ሁለተኛ አጠፉት፤ ሦስተኛ አጠፉት፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ይቀመጥባት በነበረችው ባዶ በርጩማ ላይ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጡ ቀስ ብለው አኖሩት። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማ ትንፋሽ አልነበረም። ቀጥሎ ከታች ከመሐል ረድፍ አንዲት ሴት «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች። ተዋናዩ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው፣ ሴትዮዋ ዝም እስክትል ድረስ ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ። የአባቴ እጅ እጄን ጨብጦ እንደነበር የታወቀኝ ሲለቀኝ ነው፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።

ሴትዮዋ ስለ ማይጨው እንዳላለቀሰች በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነው ወጣት ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር፤ ሁለት ዓመቱ ግን ለብዙዎች በሁለት ዓመት አላለቀም። ታላቅ ወንድሜም ከተጠሩት አንዱ ነበር። ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ሦስት ደብዳቤ ጻፈልን፤ አራተኛው አልመጣም። በቤታችን ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ አይወራም። እናቴ ጸሎቷን ታረዝማለች፣ አባቴ ሬዲዮኑን ጠጋ ብሎ ያዳምጣል፣ ያ ነው ንግግራችን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ ያንኑ ተውኔት እንደገና ለማየት ወሰደኝ። አንድን ቴአትር ሁለት ጊዜ አይተን አናውቅም ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብም አልነበረንም። ምን ሊያይ እንደመጣ ሳይነግረኝ ገብቶኛል። ሦስተኛው ገቢር ደረሰ፤ መልእክተኛው መጣ፤ መርዶው ተነገረ። ተዋናዩ ቀና ብለው ስለ አገርና ስለ ደም የተጻፈውን ረዥም ቃል አንድም ሳይዘሉ፣ በሚያምር ድምፅ ተናገሩት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋቢው ከትከሻቸው አልወረደም። ወደ ለገሃር ስንመለስ አባቴ ስለ አንበሶቹ ምንም አልነገረኝም።

«ለምን ሁለተኛውን ቀን አላጠፉትም?» የሚለውን ጥያቄ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ይዤው ኖርኩ።

ዕድሜዬ ከፍ ሲል ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አየው ጀመር። በዚያ ዘመን ጽሑፈ ተውኔት ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት በሳንሱር ማለፍ ነበረበት፤ መርማሪው ግን ሊያነብ የሚችለው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ጋቢ ማጠፍ ወረቀት ላይ አልነበረም። ስለዚህ ያን ቀን በመድረኩ ላይ ከተባለው ሁሉ ይበልጥ እውነት የነበረው ነገር፣ ማንም ሳይፈቅደውና ማንም ሳይከለክለው አለፈ። ይህንኑ ያህል ደግሞ ማንም ሳይመዘግበው ቀረ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ የተረከበት ድምፅ በክር ላይ ስለተቀረጸ፣ ተራኪው ካረፈ በኋላ የተወለዱ ልጆች ዛሬም ይሰሙታል፤ አባቴ እራቱን አቋርጦ ያዳምጠው የነበረውን ያንኑ ድምፅ እኔም ለልጆቼ አሰምቻለሁ። በመድረክ ላይ የተሠራው ግን አብዛኛው ካሜራ አላየውም። ታትሞ የሚወጣ መጽሐፍ ቅጂው በሕግ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ገቢ ይሆናል፤ የእሳቸውም ግለ ታሪክ ይህን ጊዜ በወመዘክር መደርደሪያ ላይ ቦታውን ይዞ ይሆናል። ጋቢው የሚቀመጥበት መደርደሪያ ግን የትም የለም። ያየነው ሰዎች ነን መዝገቡ፤ እኛም እያለቅን ነው። የቴአትር ቤቶቻችን አንጋፋ ተመልካቾች፣ እነዚያ በደመወዝ ሰሞን እሑድ እሑድ ይሰለፉ የነበሩ ሰዎች፣ ያዩትን ለልጆቻቸው ቢያወሩ፣ ልጆቹም በስልካቸው ድምፁን ቀርጸው ቢያስቀምጡ ምንኛ በወደድኩ። በመጻሕፍት መደብሮች መደርደሪያ ላይ የባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ግለ ታሪክ በብዛት አለ፤ የመድረክ ሰዎች ራሳቸውን ጽፈው ባገኘሁ ቁጥር ግን እንደ ብርቅ ነው የማየው።

ለእኔ ያ እጥፋት ከአዳራሹ ውጭም ሌላ ሕይወት ነበረው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደርግ ሲወድቅ ብዙ ወታደር በየመንገዱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኛም ጠበቅን። ክረምቱ ገባ፣ መስቀል አለፈ፣ ዓመት ሆነ። መርዶ የሚያረዳን ሰው አልመጣም፤ መርዶ ካልመጣ ደግሞ ድንኳን አይተከልም፣ ዕድርም አይጠራም፣ ሰውም ሊያስተዛዝን አይመጣም። ለሞተ ሰው ሥርዓት አለው፤ ለጠፋ ሰው ግን ምን እንደሚደረግ አባቶቻችን አላቆዩልንም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ብቻውን ሳሎን ቆሞ ነበር። የወንድሜን ጋቢ ከግድግዳው ምስማር ላይ አውርዶ፣ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ አጠፈው፤ በመዳፉ ዳበሰው፤ ሁለተኛ አጠፈው፤ ሦስተኛ አጠፈው። ወንድሜ እያጠና ያመሽባት በነበረችው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ዞር ሲል በሩ ላይ አየኝ። አንዳችንም ምንም አላልንም፤ ሁለታችንም ግን ከማን እንደተማረው እናውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት እናቴ ጥቁር ለበሰች።

እንግዲህ በዚያች ቅዳሜ ወረፋ ይዤ የቆምኩት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው። ከፊቴ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ አስፈርመው፣ ጎንበስ ብለው ፎቶግራፍ ተነሥተው አለፉ። ተራዬ ሲደርስ ተዋናዩ መጽሐፉን ከፍተው፣ በግራ እጃቸው የቀኝ እጃቸውን አንጓ ደግፈው፣ «ለማን ልበል?» አሉኝ። እስክሪብቶው በጣቶቻቸው መካከል ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኳቸው።

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

ነገርኳቸው። ዓመቱን፣ ተውኔቱን፣ ሦስተኛውን ገቢር፣ ጋቢውን፣ በርጩማዋን። ስናገር ከኋላዬ ያለው ወረፋ መንቆራጠጥ ጀምሮ ነበር፤ አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸውም በትሕትና ሰዓቷን አየች። እሳቸው ግን እስክሪብቶውን አስቀምጠው ነበር።

«እኔ ጋቢ አጠፍኩ?» አሉኝ።

«አጥፈዋል፤ ሦስት ጊዜ።»

ብዙ ቆዩ። «ሴትዮዋን አስታውሳታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለች። እሷ ስትጮህ ቃሉ ከአፌ ጠፋ። ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ቃል የሚያስታውሰን ልጅ ሁለት ጊዜ ሹክ ብሎኝ ነበር አሉ፤ አልሰማሁትም። እጄ ምን እንዳደረገ አላውቅም። አዘጋጁ ያን ማታ ቃል ዘለልክ ብሎ ተቆጣኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንዳልዘል ስጠነቀቅ ነው የከረምኩት።»

መልሱ ይኸው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ትልቅ ጥበብ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር፣ ለእሳቸው ቃል የጠፋበት፣ ተግሣጽ ያስከተለ፣ በመጽሐፋቸውም ውስጥ ያላሰፈሩት አንድ ክፉ ምሽት ነበር። ሌላም ነገር አስተዋልኩ። እኔ ጋቢው ታጥፎ ካለቀ በኋላ ሴትዮዋ እንደጮኸች አስታውሳለሁ፤ እሳቸው ግን እሷ ከጮኸች በኋላ ቃል እንደጠፋባቸው ያስታውሳሉ። ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል። ሊፈርድልን ይችል የነበረው አባቴ በ1995 ዓ.ም. አርፏል፤ ሴትዮዋን ማንም አያውቃት። የእኔ ትዝታ ትክክል ከሆነ ያስለቀሳት እሳቸው ናቸው፤ የእሳቸው ትክክል ከሆነ ደግሞ ጋቢውን ያሳጠፈቻቸው እሷ ናት። በዚያች ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ሁለቱንም እውነት አድርጌ መቀበል ቀለለኝ። ቃል ጠፍቶበት እጁ ያን የሚያደርግ ሰው፣ እጁ ከየት እንዳመጣው ባያውቅ እንኳ፣ ከዕድሜ ልክ ሥራው የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። ቃል የጠፋበት ሌላ ሰው መድረክ ላይ ደርቆ ይቀራል።

ቀጥዬ ስለ ወንድሜና ስለ አባቴ ነገርኳቸው። ይህን ልነግራቸው አላሰብኩም ነበር፤ የመጣሁት ልጠይቅ ብቻ ነበር። «ወንድምሽ ተመለሰ?» አሉኝ። አልተመለሰም አልኳቸው። ከንፈራቸውን አልመጠጡም፣ እግዜር ያጽናሽም አላሉኝም። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አንሥተው፣ ምንም ጨርቅ ሳይዙ፣ በእነዚያ በሚንቀጠቀጡ ጣቶች አየሩን ጫፍና ጫፍ ገጠሙት፤ አንድ ጊዜ አጠፉ፤ ወደ እኔ ቀና ብለው፣ «እንዲህ?» አሉኝ። «መሐሉ ላይ በመዳፍዎ ዳብሰውታል» አልኳቸው። ዳበሱት። ሁለተኛ አጠፉ። ወረፋው ጸጥ ብሎ እንደነበር ኋላ ነው የተገነዘብኩት።

በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ጋቢውን ላየችልኝ ልጄ» ብለው ጻፉልኝ። ፊደሎቹ ወዲያና ወዲህ ያዘነበሉ ናቸው፤ «ጋ» ከመስመሩ ወርዳለች። ስሜን ሳይጠይቁኝ ቀሩ፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ልጃቸው ግን ስትሸኘኝ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለችኝ።

መጽሐፉን በሁለት ሌሊት አነበብኩት። ስለ ልጅነታቸው የጻፉት ክፍል ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ከገጠር ወደ ከተማ ሲመጡ ስለያዟት ትንሽ ዕቃ የጻፉት። ስለ ቴአትር ቤት ሹመትና ሽረት የተጻፉት ምዕራፎች ግን ቸኮል ያሉ መስለውኛል። የ1979ኙ ተውኔት በአንድ አንቀጽ ታልፏል።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ናት፤ «አባዬ ሊያናግርሽ ይፈልጋል» ብላ ሰጠቻቸው። ጤንነቴን፣ የልጆቼን ደኅንነት ጠየቁኝ። ከዚያ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የደወልኩት፤ አሁን ተራው የኔ ነው» አሉኝ። «ያ ጋቢ ጥለት ነበረው?»

ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም ነበርና ዝም አልኩ።

«የቴአትር ቤቱ የአልባሳት ክፍል ጋቢ ጥለት የለውም፤ ነጭ ነው» አሉኝ። «የአባቴ ጋቢ ደግሞ ቀይ ጥለት ነበረው። አንዳንድ ቀን ከቤት እሱን ለብሼ እመጣ ነበር። የትኛው እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ፎቁ ተመለስኩ። መድረኩ ታየኝ፣ በርጩማዋ ታየችኝ፣ እጆቻቸው ታዩኝ። ጋቢውም ታየኝ፤ ጥለቱም ጭምር። ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊው ግን የወንድሜ ጋቢ ጥለት ነው፤ ያ ጋቢ ዛሬም በእናቴ ቤት ሣጥን ውስጥ አለ። ከዚያ አልፌ ለማየት ብሞክርም እምቢ አለኝ። ቀይ ነበር ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላየሁትም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ፎቅ ላይ ነበርን፤ ሩቅ ነበር።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከኋላቸው ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ደግ አደረግሽ» አሉኝ።